አሜሪካ፣ ዴይተን ከተማ ላለው ልጄ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናህ እንደምን አለህ እላለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የእናትህም ጉልበት ተሽሏታል። የአክስትህ ልጅ ስትደውል፣ የመጋዘኑን የሌሊት ሥራ በሙሉ ጊዜ ለመያዝ የሚመጣውን ሴሚስተር ልትተወው እንዳሰብህ ሰማን። ልጄ፣ ትምህርትህን አታቋርጥ።

ባለፈው «ከዚህ ከተማ ማን ወጥቶ እኔ እወጣለሁ» ያልከኝ ነገር ከልቤ አልወጣም። ገጣሚው ፖል ሎረንስ ደንባር እ.ኤ.አ. በ1872 እዚያው ዴይተን ተወለደ። ወላጆቹ በባርነት የኖሩ ሲሆኑ፣ እናቱ የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገችው። ኮሌጅ የሚገባበት ገንዘብ ስላልነበረው በሳምንት 4 ዶላር እየተከፈለው የሕንፃ አሳንሰር ያንቀሳቅስ ነበር፤ ፋታ ባገኘ ቁጥር ግን እዚያው ቆሞ ያነብና ይጽፍ ነበር፤ የመጀመሪያ መድበሉንም ለአሳንሰሩ ተሳፋሪዎች በ1 ዶላር እየሸጠ የኅትመቱን ዕዳ ከፈለ። እሱ ያጣውን ኮሌጅ አንተ አግኝተሃልና አታቋርጥ።

የደንባር የክፍል ጓደኛ የነበረው ኦርቪል ራይት ትምህርቱን ሳይጨርስ አውሮፕላን ሠራ ብለህ እንደምትከራከረኝ አውቃለሁ። ኦርቪልና ወንድሙ ዊልበር ግን በ1901 በብስክሌት ሱቃቸው የነፋስ መሞከሪያ ሠርተው የብዙ ክንፎችን ቅርጽ አንድ በአንድ እየለኩ ይመዘግቡ ነበር፤ አንተ ሌሊቱን ሙሉ ካርቶን ስትደረድር አድረህ በየትኛው ዓይንህ ታነባለህ?

ኤድዊን ሞዝስም የዚያች ከተማ ልጅ ነው። የመሮጫ ሜዳ በሌለው ኮሌጅ ፊዚክስ እየተማረ ሠልጥኖ፣ አፍሪካውያን በአድማ በቀሩበት በ1976ቱ የሞንትሪያል ኦሎምፒክ በ400 ሜትር መሰናክል ወርቅ ወሰደ። በ1980 ደግሞ አገሩ አሜሪካ በሞስኮው ኦሎምፒክ ላይ በማደሟ እሱ ቀረ፤ ሞንትሪያል ያመለጠው የኛ ምሩጽ ይፍጠር ግን ሁለት ወርቅ ይዞ ገባ።

ምሩጽ ባሸነፈበት በዚያ ክረምት ነው ታላቅ ወንድሜ «ለአንድ ዓመት ብቻ» ብሎ በጭነት መኪና ከኮምቦልቻ ወደ አሰብ ወደብ የወረደው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ብቻ ነበር የቀረው። አያትህ የፊዚክስ ደብተሩን በነጠላ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አኖረችለት፤ እሱ ግን ተመልሶ አልገለጠውም። እኔ በላከው ገንዘብ የተገዛልኝን ሸራ ጫማ ተጫምቼ ትምህርት ቤት ስሄድ፣ ያ ጫማ በምን እንደ መጣ የሚነግረኝ አልነበረም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ደግሜ እልሃለሁ፤ አታቋርጥ።

ይህ ደብዳቤ እንደ ደረሰህ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄደህ ክፍያውን በየወሩ መክፈል ትችል እንደ ሆነ ጠይቅ። ሥራውን ወደ ቅዳሜና እሑድ አዙረው። ሳትበላ አትተኛ። ለእኛ የምትልከውንም ገንዘብ እስክትመረቅ ድረስ አቁም፤ የእናትህን መድኃኒት እኔ እችለዋለሁ፤ የጣሪያው ቆርቆሮም ዕቁቡ በኅዳር ሲደርሰን ይገዛል። የአክስትህን ልጅ አትቆጣት፤ አስጨንቄ ያናገርኳት እኔ ነኝ።

አባትህ