ከብት መሳልና ከብት ማርባት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ሐረር

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እዚህ ድሬዳዋ ደህና ነኝ።

«በለጋ ኦዳ ዋሻ ግድግዳ ላይ ከብት ስለተሳለ ብቻ የሳሉት ሰዎች አርቢዎች ነበሩ ይባላል?» ብለው የጠየቁኝ ለስልክ የሚሆን ጥያቄ ስላልሆነ በጽሑፍ ልመልስልዎ ወደድሁ።

ሥዕሉ ብቻውን አይበቃም። አዳኝም በጎረቤቱ መንጋ ያየውን ላም ሊስል ይችላል፤ ቀለሙም የአርቢ ብቻ አልነበረም። ከድሬዳዋ በስተደቡብ የሚገኘው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1929 ከታወቀ ወዲህ በተደረጉ ቁፋሮዎች 40 ኪሎ ግራም ያህል ለቀለም የሚሆን ቀይ አፈር የተገኘ ሲሆን፣ ዕድሜው ወደ 40,000 ዓመት ይጠጋል። በዚያን ጊዜ ለማዳ ላምም ሆነ ፍየል በዓለም ላይ የትም አልነበረም።

እኔ ይበልጥ የምተማመነው በአጥንት ነው። በግና ፍየል የተላመዱት በምዕራብ እስያ በመሆኑ አጥንታቸው በእኛ አገር ዋሻ ሲገኝ ሰው ያመጣቸው እንስሳት መሆናቸው ይታወቃል። አስቸጋሪው ነገር የተሰባበረ የፍየል አጥንት ከሚዳቋ አጥንት ጋር መመሳሰሉ ነው፤ ስለዚህ ጥርስና የመገጣጠሚያ ጫፍ በጥንቃቄ ይመረመራል። ከመንጋጋ ደግሞ እንስሳው የሞተበት ዕድሜ ይነበባል፤ በአንዱ የወተት ጥርሱ ሳይወልቅ ቋሚው ከሥሩ ብቅ ሲል ይታያል፣ በሌላው የኋለኛው ጥርስ ተፍቆ ከድዱ ሊስተካከል ምንም አልቀረውም። ወጠጤው በጊዜ ይታረዳል፣ እናቲቱ ለወተትና ለመውለድ ትቆያለች ይሉኝ አልነበረም? ከአንድ ቦታ የወጡት አጥንቶች የለጋ ወንዶችና ያረጁ ሴቶች ሆነው ሲበዙ፣ ያ የእርስዎ የመንጋ አያያዝ ነው፤ አዳኝ እንዲህ መርጦ ለመግደል ይቸግረዋል።

ከአጥንቱ ቀጥሎ ፍግ ነው። በረት የነበረበት ወለል እየተረገጠ ስስ በስስ ይደራረባል፤ አፈሩ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በሚያመሰኩ እንስሳት አንጀት ውስጥ የሚፈጠሩ ድቡልቡል የኖራ ቅንጣቶች ይገኙበታል። አዳኝ ወደ ዋሻው ሥጋ ተሸክሞ ይገባል እንጂ ፍግ ተሸክሞ አይገባም። በኬንያ ናሮክ አካባቢ እስከ 3,000 ዓመት የሚደርስ ዕድሜ ያላቸው የበረት ቦታዎች አፈራቸው ዛሬም ለም ሆኖ ሣሩ ከዙሪያው ለይቶ ይበቅልባቸዋል።

ሸክላን ብዙ ሰው የአርቢ ምልክት ያደርገዋል፤ እኔ ግን አልስማማም፤ በሱዳን በአባይ ዳር አጥማጆችና አዳኞች ከብት ሳይኖራቸው ሸክላ ይሠሩ ነበርና። ሸክላው የሚመሰክረው በግድግዳው የተመጠጠው ስብ የወተት መሆኑ በምርመራ ሲረጋገጥ ነው።

ሁለቱ ኑሮዎችም በአንድ ጀምበር አልተለዋወጡም። ጥቂት ፍየል ያገኘ አዳኝ ነበር፤ መንጋ እያለውም የሚያድን አርቢ ነበር። የለጋ ኦዳ ሻኛ የሌላቸው፣ ቀንደ ረጃጅም ላሞች ከብትን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ሥራ ይመስሉኛል፤ ሆኖም ይህን ግምቴን ከወለሉ በሚወጣ ማስረጃ ሳላመሳክር እውነት ነው ብዬ አልነግርዎትም።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅዎ። በልጅነትዎ ፍየሎቹን ዝናብ ሲመጣ ዋሻ ውስጥ ታስገቡ በነበረ ጊዜ ግልገሎቹን ከእናቶቻቸው ለይታችሁ ታሳድሩ ነበር? እሳቱ የሚነደው በየት በኩል ነበር? ፍጉስ ይጠረግ ነበር ወይስ እዚያው ይቃጠል? ካስታወሱ ለታናሽ እህቴ ይንገሯትና ጽፋ ትላክልኝ፤ ወለል ስንቆፍር የምናየውን ለመረዳት በእጅጉ ይረዳናል።

አክባሪ ልጅዎ