በጎን ተኝቶ ማየት፦ የሳይንስ ክበባችን በ2016 ዓ.ም.

የዘንድሮው ጥያቄያችን የመጣው ከአንድ ደብተር ነው። የ9ኛ ክፍል አባላችን ጂኦሜትሪ ሲሠራ ክንዱን ተንተርሶ ነው። ቀጥ አድርጌ አሰመርኩ ያለው መስመር ሁሉ ዘመም ይላል። ቀና ብሎ ሲያየው ለራሱም ይገርመዋል። ጥፋቱ የእጁ ነው ወይስ የዓይኑ? ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ይህንን ስንከታተል ከረምን።

ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄርማን ኦበርት በ1861 እ.ኤ.አ. አንድ ነገር አስተውሎ ነበር። በጨለማ ውስጥ ጭንቅላታችንን በጣም ስናዘነብል፣ ቀጥ ያለ የብርሃን መስመር ወደ ተቃራኒው ጎን የዘመመ ይመስለናል። እኛም ሞከርነው። የላብራቶሪውን መስኮቶች በጥቁር ጨርቅ ጋረድን። ካርቶን በቀጭኑ ሰንጥቀን ከኋላው የእጅ ባትሪ አበራን። ተማሪው አግዳሚ ወንበር ላይ በጎኑ ይተኛል፤ መስመሩ ቀጥ ያለ እስኪመስለው ድረስ ያዞሩለታል። ከዚያ መብራት ይበራና በቱምቢ እናየዋለን። ቱምቢውን ያዋሱን አጥር ሲጠግኑ የነበሩት ግንበኛ ናቸው፤ እግዜር ይስጥልን።

ቀጥ ያለው መስመር ወደ ተቃራኒው የዘመመ ስለሚመስለው፣ ተማሪው ቀጥ አለ የሚለው መስመር ጫፉ ጭንቅላቱ ወዳለበት በኩል ዘምሞ ይገኛል። “ቲቸር፣ ሰው ነካክቶብኛል!” ያላለ ልጅ ጥቂት ነው።

አንጎላችን ላይና ታችን የሚለየው በዓይን ብቻ አይደለም። በውስጠኛው ጆሮ ያሉ ጥቃቅን ጠጠሮች የመሬት ስበትን ይጠቁሙታል፤ አንገትና ቆዳም ያግዛሉ። በጎናችን ስንተኛ ይህ ስሌት ይዛባል። መብራት ሲኖር ግድግዳውና በሩ ያርሙታል። በጨለማ ግን የሚያርም የለም።

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ሜዳ ወጣን። ሴቶቹም የስፖርት ሱሪ የለበሱበትን ቀን መረጥን፤ ጎንበስ ብሎ በእግር መሀል ወደ ኋላ ማየት ነበረና። ጃፓናውያኑ ተመራማሪዎች አትሱኪ ሂጋሺያማና ኮሄይ አዳቺ በ2006 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ሩቅ ያለ ነገር እንዲህ ሲታይ ያንሳል። ምስሉን የሚገለብጥ መነጽር አድርገው ቀጥ ብለው ለቆሙት ሰዎች ግን አላነሰም። ለውጡ የመጣው ከምስሉ ሳይሆን ከሰውነቱ መገልበጥ ነው ማለት ነው። እኔን ዓመቱን ሙሉ ያስደነቀኝ ይህ ነው። ስንት ጊዜ “በደንብ እይ” እያልኩ ልጅ ተቆጥቻለሁ! እንዴት እንደተቀመጠ አይቼለት ግን አላውቅም ነበር። አሁን ካርታ ሲያነቡና ግራፍ ሲሠሩ መጀመሪያ የማየው አቀማመጣቸውን ነው።

ባለ ደብተሩ ልጅ በመጨረሻው ረቡዕ እንደገና ልሞክር አለ። ምክንያቱን አውቋል፣ አቅጣጫውንም አውቋል። ተኛ፤ መብራቱ ጠፋ። “አሁን ቀጥ ብሏል” አለ። አበራን። ቱምቢውን ጎኑ አንጠለጠልን። መስመሩ ያው ዘሟል።