የሙዚቃ ማዳመጥ ክበብ የዓመቱ ሥራ፦ የኩዊን ሙዚቃ እንዴት እንደተሠራ

የሙዚቃ ማዳመጥ ክበባችን በዘንድሮው የትምህርት ዘመን ከብዙ ባንዶች ጥቂት ጥቂት ከመስማት ይልቅ አንድን ባንድ በጥልቀት ለማወቅ ወስኖ፣ በ1970 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የተመሠረተውን ኩዊን የተባለውን የሮክ ባንድ መርጧል። የመረጡት አባላቱ ቢሆኑም፣ ከተማሪነት ዘመኔ ጀምሮ ይህን ባንድ ስወድ ለኖርሁት ለክበቡ ተጠሪ ታላቅ ደስታ ነበር። የፊዚክስ መምህር በመሆኔም በየሳምንቱ የምንሰበሰበው በቤተ ሙከራው ውስጥ ነበር፤ ይህም ለሥራችን ተስማምቶናል፤ ምክንያቱም የኩዊን ሙዚቃ ታላቅነት ድምፁ ከተሠራበት መንገድ ተነጥሎ አይታይም ብዬ አምናለሁ።

የጀመርነው ከባንዱ ጊታር ተጫዋች ከብራያን ሜይ ጊታር ነው። ሜይ በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ የሚመኘውን ጊታር መግዛት ስላልቻለ፣ ከ1963 እ.ኤ.አ. አንሥቶ ከአባቱ ጋር ሁለት ዓመት ያህል ደክሞ የራሱን ሠራ። የጊታሩ አንገት ከአሮጌ የእሳት ምድጃ ጠርዝ ከተነቀለ እንጨት የተጠረበ ሲሆን፣ ድምፁን የሚያርገበግበው እጀታ የሚሠራው ከአሮጌ ሞተር ብስክሌት በተወሰዱ ሞላዎች ነው፤ የእጀታውም ጫፍ የሹራብ መሥሪያ መርፌ ቁራጭ ነው። ክሮቹን የሚመታው እስከ ዛሬ ድረስ በፕላስቲክ መምቻ ሳይሆን በስድስት ፔንስ ሳንቲም ነው። ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጆን ዲከን ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ስለነበር፣ ከቆሻሻ ገንዳ ያገኘውን ሰርኪዩት ቦርድ ከድምፅ ማጉያ ሳጥን ጋር አገጣጥሞ ትንሽ አምፕሊፋየር (የጊታርን ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ) አበጀ። በ1975 እ.ኤ.አ. በወጣው «ኤ ናይት አት ዘ ኦፔራ» አልበም ውስጥ ያለውን «ጉድ ካምፓኒ» የተሰኘ ዘፈን ስናደምጥ፣ አባላቱ ትራምፔት፣ ትሮምቦንና ክላርኔት መስማታቸውን እርግጠኛ ሆነው ተናግረው ነበር፤ የሰሙት ግን ይኸው ጊታር በዚሁ አምፕሊፋየር በኩል ያወጣውን ድምፅ ነው። ባንዱ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባወጣቸው አልበሞች ሽፋን ላይ ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥር የሙዚቃ መሣሪያ) አለመጠቀሙን በኩራት ይጽፍ የነበረው በዚህ የተነሣ ነው።

ብዙ ሳምንት የወሰደብን በዚያው አልበም ውስጥ ያለው «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» ነው። በመካከሉ የሚመጣው የኦፔራ ክፍል የትልቅ መዘምራን ቡድን ይምሰል እንጂ፣ የሚዘፍኑት የባንዱ ድምፃዊ ፍሬዲ ሜርኩሪ፣ ሜይና ከበሮ መቺው ሮጀር ቴይለር ሦስቱ ብቻ ናቸው። ድምፃቸውን 24 ቅጂዎችን ጎን ለጎን ለየብቻ በሚይዝ ባለ 24 ትራክ ቴፕ ላይ እየደጋገሙ በመቅዳትና የተቀዳውን እንደገና በመደራረብ እጅግ ወፍራም አድርገውታል፤ ሜይ እንደሚናገረውም ቴፑ ከመመላለሱ ብዛት ሳስቶ ብርሃን ማሳለፍ ጀምሮ ነበር። አባላቱ የገዛ ድምፃቸውን በስልክ ቀድተው በኮምፒውተር ለመደራረብ ሲሞክሩ፣ ጥቂት ድርብ እንኳ ያለ መዛነፍ ማስኬድ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ በተግባር አይተዋል። ቴይለር የሚይዛቸውን እጅግ ከፍተኛ ድምፆች ለይታ ያወቀችልን አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ እኔ በበኩሌ ከዚያ ቀን ወዲህ ዘፈኑን የምሰማው እርሱን እየተከታተልሁ ነው።

በ1977 እ.ኤ.አ. በወጣው «ዊ ዊል ሮክ ዩ» ውስጥ ደግሞ ከበሮ የለም፤ የሚሰማው እግር መምታትና ማጨብጨብ ነው። ሜይ ጥቂት ሰዎች የሠሩትን ድምፅ የብዙ ሺህ ሕዝብ ለማስመሰል፣ ቅጂዎቹን በተለያየ መጠን እያዘገየ ደራረባቸው፤ የመዘግየቱን መጠን የመረጠውም ማሚቶ እንዳይመስል በብቸኛ ቁጥሮች (ከአንድና ከራሳቸው በቀር ለሌላ በማይካፈሉ ቁጥሮች) ላይ ተመሥርቶ ነው። የሒሳብ መምህራችን ይህን ሲሰሙ በክበባችን ተገኝተው ስለ ብቸኛ ቁጥሮች ያብራሩልን ሲሆን፣ ለዚህም ምስጋናችንን እናቀርባለን።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን ብዙ ሰው የማያነሣውን «39» የተሰኘ ዘፈን ነው። ሜይ ራሱ ባዜመውና ዲከን ትልቁን የቁም ቤዝ በተጫወተበት በዚህ ዘፈን፣ ወደ ጠፈር የሄዱ ሰዎች አንድ ዓመት ብቻ የተጓዙ መስሏቸው ሲመለሱ በምድር ላይ መቶ ዓመት አልፎ፣ የሚያውቋቸው ሰዎች አልቀው ያገኛሉ። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼ እጅግ ፈጥኖ ለሚጓዝ ሰው ጊዜ ቀስ ብሎ ያልፋል የሚለውን የአንስታይንን ልዩ አንጻራዊነት በቀመር ያውቁታል፤ የቀመሩን ሐዘን የነገራቸው ግን ይህ ዘፈን ነው። ደራሲው በጠፈር ብናኝ ላይ የጀመረውን ጥናት ለሙዚቃ ሲል አቋርጦ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ከኢምፔሪያል ኮሌጅ የዶክትሬት ዲግሪውን እንደተቀበለ ስነግራቸው የተደነቁትን መደነቅ አልረሳውም።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የላይቭ ኤይድን ዝግጅት በቪዲዮ ተመልክተናል። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ በዌምብሌይ ስታዲየምና በአሜሪካ ፊላደልፊያ የተካሄደው ይህ ዝግጅት፣ በአገራችን በረሃብ ለተጎዱ ወገኖች ገንዘብ ለማሰባሰብ በሙዚቀኞቹ በቦብ ጌልዶፍና በሚጅ ዩር የተዘጋጀ ነበር። ኩዊን የተሰጠው ጊዜ 21 ደቂቃ ያህል ሲሆን፣ ሜርኩሪ ያለ አንዳች መሣሪያ በድምፁ ብቻ እያወጣ ሰባ ሺህ የሚያህለው ሕዝብ እንደ ሠርግ ቤት ተቀባይ ሲመልስለት ይታያል። ለኛ ግን ይህ የመድረክ ብቃት ብቻ ሆኖ ሊታይ አይችልም። ከአባላቱ መካከል ቤተሰቦቻቸው በ77ቱ ረሃብ ከወሎ የተፈናቀሉ ስላሉ፣ ከቪዲዮው በኋላ የነበረው ውይይት ስለ ሙዚቃ ሳይሆን በቤታቸው ስለሰሙት ነበር፤ እኔም ውይይቱን ወደ ሙዚቃ ለመመለስ አልሞከርሁም።

ያልተስማማንባቸውም ነበሩ። በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው «ሆት ስፔስ» የዳንስ ምቱን ለሚወዱ ወጣቶቻችን ደስ ሲያሰኛቸው፣ በእኔ ግምት ግን የሜይን ጊታር ወደ ጥግ የገፋ አልበም ነው። ሜርኩሪ በጠና ታምሞ ሳለ በዘፈነው «ዘ ሾው መስት ጎ ኦን» ላይ ግን ልዩነት አልነበረንም፤ ዘፈኑ ለብቻው ተለይቶ በወጣ በስድስት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ፣ ኅዳር 14 ቀን 1984 ዓ.ም. አርፏል።

አባላቱ ለሚቀጥለው ዓመት የዋልያስ ባንድን ሥራዎች፣ በተለይም የኃይሉ መርጊያን ኦርጋን፣ በዚሁ ዓይነት ለመመርመር በድምፅ ብልጫ ወስነዋል። የሸክላ ማጫወቻ ወይም የዚያን ዘመን ሸክላዎች በቤታቸው ያሏቸው ወላጆች በውሰት እንዲሰጡን በክበቡ ስም በአክብሮት እጠይቃለሁ።