አባባን አብራችሁን ለሸኛችሁ ሁሉ፦ የምስጋና መልእክት

ለአራት ኪሎ ጎረቤቶቻችን፣ ለእድርተኞቻችን፣ ለቅዱስ ማቴዎስ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ምዕመናን፣ ከጋምቤላ ለሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች፣

አባታችን በሐምሌ ዝናብ አረፈ። ቀብሩም ለቅሶውም በሰላም አልቆ ለምስጋና በቃን። እንዲህ ያለ መልእክት ላይ «የሁላችሁንም ስም መዘርዘር ስለማንችል» ተብሎ ይታለፋል። እኔም ስም አልጠራም። ሥራችሁን ግን ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል።

አባባን በቅርብ ለማታውቁት ትንሽ ልበል። በጎረምሳነቱ ከአንግሊካኖች ጋር ማምለክ ጀመረ፣ በዚያው ቀረ። ሰፈር ውስጥ ይህንን ማስረዳት ግን ዕድሜውን ሙሉ አላለቀለትም። «ካቶሊክ ናችሁ?» አይደለንም። «እሺ ጴንጤ ናችሁ?» እሱም ልክ አይመጣም። ቄሱ ልብሰ ተክህኖ ይለብሳል፣ ቁርባን አለ፣ ጸሎቱ ከመጽሐፍ ይነበባል፣ ከሮም ጋር ግን አንገናኝም። ጠያቂው ግራ ገብቶት «በቃ የእንግሊዞች ነው» ሲል አባባ ይነሳበታል። «የኛ መንበር እስክንድርያ ነው!»

እውነቱን ነው። የአገራችን አንግሊካኖች ለረጅም ጊዜ በግብፅ ሀገረ ስብከት ሥር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 የእስክንድርያ ፕሮቪንስ (በርካታ ሀገረ ስብከቶችን የሚያቅፍ የአንግሊካን አስተዳደር) ሲቋቋም ግብፅ፣ ሰሜን አፍሪካ፣ የአፍሪካ ቀንድና ጋምቤላ የየራሳቸው ሀገረ ስብከት ሆኑ። አባባ ሎተሪ የወጣለት ነው የመሰለው። «አባ ሰላማን አትናቴዎስ የሾመው የት ሆኖ ነው? እስክንድርያ!» እያለ የእድሩን ሰብሳቢ ሲያደርቀው ከረመ። ጋምቤላ ያለው የሥነ መለኮት ኮሌጅ በእኚሁ አባት፣ በፍሬምናጦስ ስም መጠራቱንም ሳይጨምር አያልፍም። ጋሼ ሰብሳቢ፣ ያንን ሁሉ በትዕግሥት ስለሰሙት በቅድሚያ እርስዎን አመሰግናለሁ።

ያረፈ ለት አስከሬኑን ለመረከብ የሆነውን አላነሳም። አንድ ማኅተም ጎደለ ተብሎ ወንድሜ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት፣ የእድራችን ጸሐፊ ከሥራው ወጥቶ አብሮት ተንከራተተ። ይበቃል።

የከበደው ቀጥሎ የመጣው ነው። ከገጠር የመጡት ዘመዶቻችን ፍትሐት ካልተደረገለት አሉ። አልፈርድባቸውም። ወንድማቸው ነው፣ እነሱ በሚያውቁት መንገድ ሊሸኙት ፈለጉ። እኛ ልጆቹ ደግሞ እሱ የነገረንን ይዘናል። ድንኳኑ ውስጥ ድምፅ ከፍ ማለት ሲጀምር የእድሩ ሰብሳቢ ተነሡ። «ሰውዬው በሕይወት እያለ የተናገረው ይፈጸም። እኛ አፈር እናለብሳለን፣ ሃይማኖቱን እሱና ፈጣሪው ይወቁት» አሉ። እሳቸው ራሳቸው የሰንበቴ ሰው ናቸው። ሌላ ሰው ቢናገረው ኖሮ ነገሩ የሚበርድ አይመስለኝም።

ቤተ ክርስቲያን ስንገባ አክስታችን ፊቷን እንዳጠቆረች ከኋላ ተቀመጠች። ቄሱ በእንግሊዝኛ እያነበበ አንድ ወጣት በአማርኛ ይከተለዋል። «አቤቱ፣ አንተ ለትውልድ ሁሉ መጠጊያ ሆንህልን» ላይ ሲደርስ አክስቴ ቀና አለች። «ይኼማ ዳዊት ነው» አለች፣ ጮክ ብላ። ከዚያ እሷም በግዕዝ ቀጠለች። በየቀኑ የምትደግመው ነው፣ መጽሐፍ አላስፈለጋትም። ቄሱ ድምፅዋን ሰምቶ ንባቡን ቀስ አደረገላት። ምናልባት ማንም ልብ አላለውም ይሆናል፣ እኔ ግን አይቻለሁ። ቄስ ሆይ፣ ስለዚያች ዝግታ እግዚአብሔር ያክብርልን። ጉለሌ መቃብሩ ላይ «አፈር ወደ አፈር» ሲባል አሜን ካሉት ውስጥ የአክስቴ ድምፅ ይሰማ ነበር።

የጋምቤላ ልጆችን ምን ብዬ ላመስግናችሁ? የአገራችን አንግሊካን አብዛኛው ጋምቤላ ነው፣ አዲስ አበባ ያለነው ጥቂት ነን። ይህንን ያወቅነው ግን ድንኳኑ በእናንተ ሲሞላ ነው። የእናቶች ኅብረት እህቶች፣ ከበሮ ይዛችሁ ስትመጡ የእድራችን ሴቶች መጀመሪያ ደነገጡ። ለቅሶ ቤት ከበሮ? ከዚያ በኑዌር ቋንቋ ቀስ ብላችሁ ስትጀምሩ ዝም ብለው አዳመጡ። በሁለተኛው ቀን አንዷ የሽንኩርቱን ቢላዋ አስቀምጣ ታጨበጭብ ነበር። ይህ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1876 እንግሊዝ አገር የተጀመረ ነው። የጀመሩት ሰዎች አራት ኪሎ ሽንኩርት ይከተፍበታል ብለው ያሰቡ አይመስለኝም።

ያ ድንኳን ደግሞ! ሸራው መሃሉ ረግቦ ዝናቡን ያቁራል። አንድ ረጅም የአኙዋክ ወጣት መጥረጊያ ይዞ ከሥር በእንጨቱ ሲገፋው ውሃው በጠርዝ በኩል ዘፍ ይላል። ጠርዙ ጋ የተቀመጠው ለቀስተኛ ብድግ ይላል፣ ይቀያየራል፣ ልጁ እንደገና ይገፋል። ማታ ማታ እንዲሁ ቆሞ አመሸ። ሐዘን ላይ ሆነን የሳቅነው እዚያ ጋ ነው፣ አባባም ቢኖር ይስቅ ነበር።

ሐጂ ጎረቤታችን፣ በየጠዋቱ የሚመጣው የእርስዎ ሻይና ዳቦ ባይኖር እናታችን አፏ ላይ እህል አታደርስም ነበር። ከኤምባሲውም ከአፍሪካ ኅብረቱም የመጣችሁ ምዕመናን፣ አግዳሚ ላይ ተጣብባችሁ ንፍሮ ዘግናችሁ አምሽታችኋል። ዝም ብሎ መቀመጥ በእኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው። ፖስታ ያስቀመጣችሁ ሰዎች፣ በውስጡ ያለውን አልናገርም። የሆስፒታሉ የአልጋ ዕዳ ተከፍሎበታል።

ብድራችሁን በደስታ ለመመለስ ያብቃን።

አርባ ታወጣላችሁ ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁን፦ ድግስ የለም። እሑድ ቅዱስ ማቴዎስ ከጸሎቱ በኋላ ሻይና ድፎ ዳቦ ይኖራል፣ የየትኛውም ሃይማኖት ሰው ይምጣ። የእድሩ ድስቶች ተመልሰዋል፣ አንድ ክዳን ግን ከየት እንደመጣ አላወቅንም። ጥቁር የወንድ ኮትም እኛ ጋ ቀርቷል። ኪሱ ውስጥ የቤት ቁልፍ ስላለ ባለቤቱ ቶሎ ብሎ ቢወስደው።

የሟች ቤተሰብ፣ አራት ኪሎ