እማዬ፣ የምትፈሪውን ልቀይርልሽ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ዊልቸሬን እየገፋሁ ስፖርት እንደምሠራ ስነግርሽ፣ በስልክ «ልብህን አታድክም፣ ተቀመጥ» አልሽኝ። መቀመጡንስ መቼ ተውኩት፣ እማዬ! በቃል ስነግርሽ ስለምትደነግጪ ጻፍኩት፤ እህቴ ታንብብልሽ።

ልብን «ፍጠን» የሚሉት ነርቮች የሚወጡት ከላይኛው የደረት አከርካሪ ነው። የእኔ የአከርካሪ ጉዳት አንገት ላይ ስለሆነ የጭንቅላት ትእዛዝ አይደርሳቸውም። «ቀስ በል» የሚለው ነርቭ ግን በአከርካሪ ውስጥ ስለማያልፍ አልተነካም። ስለዚህ ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ዊልቸሬን አቅሜ እስኪያልቅ ብገፋም የልቤ ምት በደቂቃ 120 አካባቢ ይቆማል፤ ጤነኛ እኩያዬ ሲሮጥ 180 ይደርሳል። አድሬናሊን የሚያመነጨው ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢም ትእዛዝ የሚጠብቀው በዚያው በተቋረጠው መንገድ ስለሆነ፣ ብለፋም ብዙ አይጨምርም። አንዳንዴ የሚያዞረኝም ልቤ ደክሞ አይደለም። የእግሬ ጡንቻ ስለማይሠራ ደሙ እታች ይቀራል። ሆዴ ላይ የማስራት ቀበቶ ለዚህ ናት፣ አንቺ እንደምትዪው ለወገቤ አይደለም።

የሚጎዳኝስ መተው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ እንደኔ ላለ ሰው በሳምንት 3 ጊዜ፣ በየጊዜው ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ከመካከለኛ እስከ ከባድ የሆነ፣ ልብና ትንፋሽን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ይመክራል።

መፍራት ካለብሽ ይህን ፍሪ። ፊኛዬ ሲሞላ ወይም የሽንት ቱቦው ሲታጠፍ ከጉዳቱ በታች ያሉት የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ የደም ግፊቴ በአንዴ ይወጣል። ራሴን ይፈልጠኛል፣ ፊቴ ይቀላል፣ ከአንገቴ በላይ ያልበኛል። ያኔ አደራሽን እንዳታስተኙኝ! ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡኝ፣ ቀበቶና ጫማዬን ፍቱ፣ ቱቦውን እዩ። ካልለቀቀኝ ቶሎ ሐኪም ቤት፤ ጠበሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። የላይኛው ግፊቴ በደህናው ቀን ከ100 አይበልጥም። ስለዚህ 130 ሆኖ «ይህማ ጤነኛ ነው» ብለው ሊሸኙን ቢሉ እሺ አትበዪ፣ ለእኔ ብዙ ነው።

ለፋሲካ እመጣለሁ። ከጉዳቱ በታች ስለማያልበኝ የአዳማ ሙቀት ይከብደኛል፤ ጎህ ሲቀድ ወጥቼ ፀሐይ ሳትበረታ እገባለሁ። ያቺን የአበባ መርጫ ጠርሙስ አትጣያት፣ ውሃ ሞልቼ ፊቴንና ክንዴን እረጭባታለሁ።

ልጅሽ