ስለ አሮጌው ድልድይ መቀየር ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ኮምቦልቻ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ከረማችሁ?

ሰሞኑን ስልካችን አላረፈም። «ዕቃዬ ለምን ዘገየ?» ትሉናላችሁ፤ እውነታችሁን ነው። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ አድርገን በምንመጣበት መስመር ላይ ያለው አሮጌ ድልድይ ሊቀየር ነው። አዲሱ ጎኑ ላይ እየተሠራ ነው። እስኪያልቅ መኪና በአሮጌው ያልፋል። እኛ ግን ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የምናልፈው ጭነት ቀንሰን ነው። በአንድ ተሳቢ ይመጣ የነበረው ዕቃ በሁለት ዙር ይመጣል። ለሁለተኛው ዙር ተጨማሪ ሂሳብ አንጠይቅም።

አንድ ደንበኛችን «እስከ ዛሬ ስንቱን ጭነት የቻለ ድልድይ ዛሬ ምን ነካው?» ብለው ጠየቁን። ድልድይ የሚያረጀው ከውስጥ ነው። አርማታው ሲሰነጠቅ ውሃ ይገባና ፌሮው ይዝጋል። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥ አርማታውን ከውስጥ ይገፋዋል። ስንጥቁ ይሰፋል፣ ሌላ ውሃ ይገባል። ባሕር ዳርቻ ላይ ደግሞ ጨው ስላለ ይብሳል። ሾፌሮቻችን የወደብ አየር ብረትን ምን እንደሚያደርገው ከመኪናቸው ያውቁታል።

ጣሊያን ውስጥ ጄኖቫ በምትባል የወደብ ከተማ በ1967 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ትልቅ የአውራ ጎዳና ድልድይ ነበር። የሚይዙት ብረቶች በአርማታ ስለተሸፈኑ ዝገታቸው ከውጭ አይታይም ነበር። ነሐሴ 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ዝናብ እየዘነበ ሳለ ተደረመሰ። 43 ሰው ሞተ። ከሟቾቹ ውስጥ የጭነት መኪና ሾፌሮችም ነበሩበት። ይህን ስናነብ ፊታችን ላይ የመጡት የራሳችን ልጆች ናቸው።

እኛ ጋ ጨው የለም፤ ጎርፍ አለ። ክረምት ከደጋ የሚወርደው ደራሽ ውሃ የምሰሶውን እግር ይቦረቡረዋል። ላይ አስፋልቱ ደህና ይመስላል፣ ከሥር አፈሩ ሄዷል። ውሃው ሲጎድል አንዱ ሾፌራችን ወርዶ አይቶ መጣና ነገረን። ከዚያ ቀን በኋላ በሙሉ ጭነት እለፍ ልንለው አልቻልንም።

«የአዲሱ ድልድይ አርማታ ተሞልቷል፣ ለምን አይከፈትም?» የምትሉም አላችሁ። ቤት የሠራ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ሶሌታ በተሞላ ማግስት ማን ይሸከምበታል? አርማታ ውሃ እየጠጣ ይጠነክራል፤ ጥንካሬው የሚለካውም አብዛኛውን ጊዜ በ28ኛው ቀን ነው። የባሕር ዳሩ 380 ሜትር አዲስ የዓባይ ድልድይ ግንቦት 2016 እስኪመረቅ ስንት ዓመት ፈጀ! ሕዝቡ እስከዚያ የተሻገረው በአሮጌው ነው። ስለዚህ ሠራተኞቹን ባናጣድፋቸው ይሻላል።

አሁን ከእናንተ የምንፈልገው ትንሽ ነው። መድኃኒት፣ ዘር ወይም ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ ካላችሁ ቀድማችሁ ንገሩን፤ በመጀመሪያው ዙር እንጭነዋለን። የታሸገ ኮንቴይነር ግን መንገድ ላይ ከፍተን ልንከፍለው አንችልም። እንዲህ ያለ ዕቃ ያላችሁ ወደቡ ላይ ሳይጫን በፊት ደውሉልን፣ ክብደቱን አብረን እናያለን። ለሱቃችሁ የምታዝዙትንም ለጊዜው አንድ ሳምንት ቀደም አድርጉት።

አብሽሩ፣ ዕቃችሁ ይደርሳል። ሁለተኛው ዙር ከሚሌ ሲነሳ ለየአንዳንዳችሁ እንደውላለን።

ከአክብሮት ጋር
የድርጅቱ ባለቤቶችና ሾፌሮች