መስቀለኛው ከመድረሱ በፊት መንገዱ ራሱ ይናገር

ውድ አባላት፣

በገጠር መስቀለኛ መንገድ ላይ «ፍጥነት ቀንስ» የሚል ምልክት ብቻውን አይበቃም። ቀጥ ባለ መንገድ ረጅም ሰዓት የነዳ ሰው ዓይኑ ፍጥነቱን ይለምደዋል፤ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በየሰከንዱ 25 ሜትር እንደሚያልፍ አይታወቀውም።

አስፋልቱን አቋርጠው የሚሰመሩትን ነጭ መስመሮች አስቡ፤ ወደ መገናኛው በተጠጉ ቁጥር በመካከላቸው ያለው ርቀት እየጠበበ ይሄዳል። ፍጥነቱን ያልቀነሰ አሽከርካሪ ይበልጥ የፈጠነ ይመስለዋል፤ ያን ጊዜ እግሩን ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ ያነሣል። የዳር መስመሩን ወደ ውስጥ ማስገባትም መንገዱን ጠባብ ስለሚያስመስለው አሽከርካሪው ፍጥነቱን እንዲቀንስ ይገፋፋዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ጥገናው ነው። የደበዘዘ ቀለም፣ በተለይ በዝናባማ ሌሊት፣ እንደሌለ ይቆጠራል። ለመንገድ ኃላፊዎች በምንጽፈው ደብዳቤ ላይ ቀለሙ መቼ መቼ እንደሚታደስም እንጠይቅ።